አስተንፍሳችሁት በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ የራዲያተር አየር፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

የቤት ማሞቂያው ራዲያተር (ሙቅ ውሃ የሚዞርበትና ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት) ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ቀዝቃዛ ነው። ቧንቧው እንደ ተራበ ሆድ ይጮሃል። ትንሿን ቁልፍ አምጥታችሁ አየሩን ታስወጣላችሁ። ክፍሉ ይሞቃል። በሳምንቱ ያው ራዲያተር እንደገና ይቀዘቅዛል። እንደገና ቁልፍ፣ እንደገና ጨርቅ፣ እንደገና ውሃ መጨመር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼው ነው።

እኔ አንድ የብርድ ወቅት ሙሉ እንዲህ አሳልፌአለሁ። በየሳምንቱ የላይኛውን ፎቅ አስተነፍሳለሁ፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃ እጨምራለሁ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር የጨመርኩት ውሃ ራሱ የሚቀጥለውን ሳምንት አየር ይዞ መግባቱ ነው። ጥፋቱ የማስፋፊያ ታንኩ (ውሃው ሲሞቅ የሚሰፋበት ዕቃ) እንደሆነ የታወቀው ቁጥሮቹን ደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት አልፈጀም።

ጤነኛ በሆነ ማሞቂያ ውስጥ ያው አንድ ውሃ ለዓመታት ይዞራል። አዲስ አየር የሚመጣበት ምክንያት የለም። ተመልሶ ከመጣ ከሦስት አንዱ ሆኗል፦ ከአዲስ ውሃ ጋር ገብቷል፣ ከውጭ በቀዳዳ ተስቧል፣ ወይም ውስጥ ያለው ብረት እየተበላ ጋዝ እየፈጠረ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ማስተንፈስ ትኩሳት እየለኩ መኖር ነው።

በእርግጥ አየር ነው?

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ራዲያተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ነው። ከታች መሐሉ ላይ ቀዝቅዞ ከላይ ከሞቀ ግን አየር አይደለም፤ የዝገት አተላ ከታች ተኝቷል። ማስተንፈስ ለእሱ ምንም አያደርግለትም። ራዲያተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘና ስትከፍቱት አየር ሳይሆን ውሃ ከወጣ፣ ጎኑ ላይ ያለው ቫልቭ ተጣብቆ ይሆናል። በተለይ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ ውስጥ ያለች ትንሽ ብረት ዘንግ ለወራት ሳትንቀሳቀስ ስትቆይ ትነክሳለች። የላይኛው ፎቅ በሙሉ አንድ ላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ አንድ ራዲያተር ላይ አትድከሙ። ውሃው እዚያ ድረስ የሚወጣበት ግፊት የለውም።

ቀጥሎ የእናንተ ማሞቂያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ቦይለሩ (ውሃውን የሚያሞቀው ዕቃ) ላይ ወይም አጠገቡ በባር፣ ማለትም በግፊት መለኪያ አሃድ፣ የሚያነብ መለኪያ ካለ ዝግ ነው። መለኪያ ከሌለና ከኮርኒሱ በላይ ትንሽ የውሃ ታንክ ከተቀመጠ ክፍት ነው። የሁለቱ በሽታ ይለያያል። አብዛኛው የምጽፈው ስለ ዝጉ ነው፤ ለክፍቱ ወደ መጨረሻው ላይ የራሱ ቦታ አለው።

ስለ ደህንነት ሁለት ነገር። የሚዞረው ውሃ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ከጠባብ ቀዳዳ ሲፈናጠር ያቃጥላል። ሳይቀዘቅዝ አትንኩት። ጋዝ ወይም ነዳጅ የሚያቃጥል ቦይለር ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ራሳችሁ አትፍቱ። በብዙ ቦይለሮች ክዳኑ የማቃጠያው ክፍል ማሸጊያ ጭምር ነው። በትክክል ካልተመለሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይኼ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ከክዳኑ ወዲያ ያለው ሥራ ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ሥራ ነው።

ለምን አዲስ ውሃ አዲስ አየር ነው?

ውሃ ድስት ላይ ሲጣድ ከመፍላቱ በፊት ድስቱ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይለጠፋል። ያ አረፋ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። 10 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ 22 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር ሟሙቶበት ይገኛል። ማሞቂያችሁ 100 ሊትር የሚይዝ ከሆነ፣ አንዴ አፍስሳችሁ ስትሞሉት ከ2 ሊትር በላይ አየር አብራችሁ አስገባችሁ ማለት ነው። ስታሞቁት አብዛኛው ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል።

ግፊትም የራሱ ድርሻ አለው። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን አስቡ። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ይወጣል። ማሞቂያ ውስጥ ግፊቱ ዝቅ የሚለው ከላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ነው የላይኛው ፎቅ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታመመው።

ከገባው አየር ውስጥ ኦክስጅኑ አይመለስም። ብረቱ ይበላዋል፣ ዝገት ይሆናል። አናት ላይ የሚሰበሰበው በአመዛኙ የተረፈው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የምታስወጡት አየር በየሳምንቱ ውስጥ የሚቀር ዝገት ጓደኛ አለው። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ችግሩ ቀዝቃዛ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ራዲያተሩ ከውስጥ እያለቀ ነው።

መጀመሪያ በትክክል ማስተንፈስ

ብዙ ጊዜ «ተመልሶ መጣ» የሚባለው አየር ቀድሞም ሙሉ በሙሉ ያልወጣ ነው። ስለዚህ መንስኤ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሥራውን በወጉ ሥሩት።

1. ማሞቂያውን አጥፉ። ፓምፑም መቆሙን አረጋግጡ። ውሃው ሲዞር አረፋውን ይዞት ይሮጣል፤ ሲቆም ግን አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ራዲያተሩ ለእጅ እስኪመች።

2. ግፊቱን አንብባችሁ ጻፉት። ከ1 ባር በታች ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ጨምራችሁ ወደ 1.2 ወይም 1.5 አድርሱት። ግፊቱ ዜሮ አካባቢ ሳለ የላይኛውን ፎቅ ብሎን ብትከፍቱ አየር አይወጣም፣ ጭራሽ ይገባል። «ስከፍተው ወደ ውስጥ ይስባል» የሚሉ ሰዎች ያጋጠማቸው ይኼ ነው።

3. የሁሉም ራዲያተሮች ቫልቭ ክፍት ይሁን። ከታችኛው ፎቅ ጀምሩ፤ ወደ ላይ ውጡ።

4. ከብሎኑ ስር ጨርቅና ትንሽ ዕቃ ያዙ። ቁልፉን ወደ ግራ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩ። ብሎኑን ጨርሳችሁ አታውጡት፤ ውሃ እየተፈናጠረ መልሶ ማስገባት ጣጣ ነው። «ፍስስ» የሚለው ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጠሩ። ቁጥሩ በኋላ ይጠቅማችኋል።

5. ሳይቆራረጥ ውሃ ብቻ ሲወጣ ዝጉ። አታጥብቁት፤ ብሎኑ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ይበላል።

6. ግፊቱ ስለሚወርድ መልሳችሁ ወደ ነበረበት አምጡ። የመሙያውን ቫልቭ አጥብቃችሁ ዝጉ። በተጣጣፊ ጎማ የሚሞላ ከሆነ ጎማውን ንቀሉት።

7. ማሞቂያውን አስነስታችሁ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና አስተንፍሱ። ይህ ሁለተኛው ዙር ነው ሰው የሚዘለው። በመጀመሪያው ዙር ሟሙቶ የነበረው አየር የሚወጣው ውሃው ከሞቀ በኋላ ነው።

ራዲያተር የተቀየረ ወይም ውሃው በሙሉ የፈሰሰ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ትንሽ ትንሽ አየር ቢመጣ አትደንግጡ። ዋናው ነገር መጠኑ እየቀነሰ መሄዱ ነው። 20 ሰከንድ የነበረው ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 2 ከወረደ ነገሩ እየዳነ ነው። በየሳምንቱ ያው 20 ከሆነ ደብተር አውጡ።

ደብተሩ

አራት ነገር ብቻ ጻፉ። ጠዋት ማሞቂያው ሳይነሳ ያለውን ግፊት፤ ከተነሳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ግፊት፤ የትኛው ራዲያተር ለስንት ሰከንድ እንደተነፈሰ፤ ውሃ ጨምራችሁ እንደሆነ። ለሁለት ሳምንት ይህን ያዙ። የሚቻል ከሆነ በመሐል ውሃ አትጨምሩ፤ ቦይለሩ በግፊት ማነስ እስካልቆመ ድረስ። ውሃ በጨመራችሁ ቁጥር ማስረጃውን ታጠፋላችሁ።

ደብተሩ ከአራት አንዱን ያሳያችኋል። የቀዝቃዛው ግፊት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየወረደ፣ ሲሞቅ ግን የሚጨምረው ልከኛ ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ሲሞቅ ወደ 3 ባር ዘሎ ሲቀዘቅዝ ወደ ዜሮ የሚወድቅ ከሆነ የማስፋፊያ ታንኩን ጠርጥሩ። ማሞቂያው ጠፍቶ እያለ ግፊቱ በራሱ ከጨመረ ከውሃ መስመሩ ውሃ እየገባ ነው፦ ወይ የመሙያው ቫልቭ አልዘጋም፣ ወይ የሙቅ ውሃ ጋኑ ውስጥ ያለው ጥቅልል ቧንቧ ወይም ቦይለሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ማስተላለፊያ ተበስቷል። የመስመሩ ግፊት ከማሞቂያው ስለሚበልጥ አየር የያዘ አዲስ ውሃ ዝም ብሎ ይገባል፤ የበዛው በሴፍቲ ቫልቩ፣ ግፊት ሲበዛ በራሱ በሚከፈተው፣ ይወጣል፤ እናንተ ምንም ሳትጨምሩ አየሩ አያልቅም። አራተኛው፣ ግፊቱ በማስተንፈስ ከሚወርደው ጥቂት በቀር ሳይነቃነቅ ጋዙ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ነገሩ ዝገት ሳይሆን አይቀርም።

ግፊቱ እየወረደ ከሆነ

መጀመሪያ ፍሳሹ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ፤ ያለዚያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። ቦይለራችሁ ስር ወደ ራዲያተሮች የሚሄዱትና የሚመለሱት ቧንቧዎች ላይ የመዝጊያ ቫልቮች ካሉ፣ ማታ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ይቀዝቅዝና ሁለቱንም ዝጉ። ግፊቱን ጻፉ፣ ተኙ። ጠዋት ቦይለሩ ላይ ያለው መለኪያ ካልወረደ ቦይለሩ ደህና ነው፤ ፍሳሹ ቧንቧው ወይም ራዲያተሮቹ ላይ ነው። ከወረደ ቦይለሩ ውስጥ ወይም ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ነው። ቫልቮቹን መልሳችሁ ሳትከፍቱ ግን ማሞቂያውን በፍጹም አታስነሱ። ለቤተሰቡም ንገሩ፤ ቦይለሩ ላይ ወረቀት ለጥፉበት።

ፍሳሹ ራዲያተሮቹ ወገን ከሆነ ደረቅ የወረቀት ፎጣ ይዛችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጥረጉ። የቫልቮቹን አንገት፣ የማስተንፈሻ ብሎኖቹን፣ ራዲያተሩ ስር ያለውን ብየዳ። ሙቅ ቧንቧ ላይ ያለ ትንሽ ፍሳሽ ጠብ ሳይል ይተናል። የሚተርፈው አሻራው ነው፦ መዳብ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት፣ ናስ ላይ ነጭ ዱቄት፣ ብረት ላይ ቡናማ መስመር። ይህን ካያችሁ ደረቅ ቢሆንም ያፈሳል። ወለል ስር የተቀበረ ቧንቧ ካለ ያለ ምክንያት ሞቅ ያለ ወይም የረጠበ ቦታ በባዶ እግር ፈልጉ።

የቫልቭ አንገት ላይ ያለ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይድናል። የማሸጊያዋን ነት በቁልፍ ትንሽ፣ ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ ይበቃል። መበሳት የጀመረ ራዲያተር ግን አይጠገንም፤ ይቀየራል።

ፍሳሽ የሚያሽግ ፈሳሽ ይሸጣል። እኔ አልመክርም። የተበሳውን ሲደፍን ጠባቦቹን የቦይለር መተላለፊያዎችም ሊደፍን ይችላል፤ የፈሰሰበትን ቦታ ፈልጎ መጠገን ይሻላል።

ሴፍቲ ቫልቩን ለመፈተሽ ቀጭኑ የማፍሰሻ ቧንቧ ከቤት ውጭ የት እንደሚወጣ ፈልጉ። ከስሩ ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ማሞቂያው በሠራ ቁጥር ውሃ ከተጠራቀመ ቫልቩ እየተፋ ነው። አፉን ግን በምንም ነገር አትድፈኑት፣ አትዝጉትም። ማሞቂያው እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው እሱ ነው። አንዴ የተፋ ቫልቭ ደግሞ አፉ ላይ ቆሻሻ ይዞ በደንብ ላይዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ የማስፋፊያ ታንኩ ከተስተካከለ በኋላም መንጠባጠቡ ከቀጠለ ቫልቩ ይቀየራል።

የማስፋፊያ ታንኩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ስለሆነ።

ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 3 በመቶ ገደማ ይሰፋል። 100 ሊትር ውሃ 103 ሊትር ይሆናል። ዝግ ቧንቧ ውስጥ እነዚያ 3 ሊትር የት ይሂዱ? ለዚህ ነው የማስፋፊያ ታንክ ያለው። ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ብረት ነው። መሐሉ ላይ ላስቲክ አለ፤ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ወገን የታመቀ አየር። ውሃው ሲሰፋ ላስቲኩን ይገፋል፣ አየሩ ይጨመቃል። ሲቀዘቅዝ አየሩ ውሃውን መልሶ ይገፋል።

ያ አየር በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያልቃል። ያኔ ውሃው ሲሞቅ የሚሰፋበት የለውም። ግፊቱ 3 ባር ይደርሳል፣ ሴፍቲ ቫልቩ ውሃ ይተፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይሸበሸባል፤ የተተፋው ግን አልተመለሰም። የላይኛው ፎቅ ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ያኔ ቧንቧው መሳብ ይጀምራል፦ በአውቶማቲክ የአየር ማስወጫዎች፣ በቫልቭ አንገቶች፣ ውሃ ጠብ በማይልባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ። ጠዋት ተነስታችሁ ውሃ ትጨምራላችሁ። ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ አንዱ በመሳብ፣ አንዱ በአዲስ ውሃ። የእኔ ቤት ታሪክ ይኸው ነበር።

ታንኩ ቦይለሩ ውስጥ ከሆነ ለቴክኒሻን ተዉት። ውጭ ከሆነና እጃችሁ ከደረሰ ግን በቤት መፈተሽ ይቻላል። የሚያስፈልገው የመኪና ጎማ አየር መለኪያና የብስክሌት መንፊያ ብቻ ነው።

ማሞቂያውን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ። ታንኩ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ስትከፍቱ እንደ ጎማ መንፊያ ያለ አፍ ታገኛላችሁ። መሐሏ ላይ ያለችውን መርፌ ለቅጽበት ጫን አድርጉ። ውሃ ከወጣ ላስቲኩ ተቀዷል፤ ታንኩ ይቀየራል፣ ፈተናው እዚህ አበቃ። አየር ከወጣ ወይም ምንም ካልወጣ ቀጥሉ።

ከዝቅተኛው የማፍሰሻ ቫልቭ ውሃ እያወጣችሁ የቦይለሩን መለኪያ ዜሮ አድርሱት። ቫልቩን ክፍት ተዉት። ይህን ካልሠራችሁ የምትለኩት የታንኩን አየር ሳይሆን ከወዲያ የሚገፋውን የውሃ ግፊት ነው፤ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። አሁን ለኩ። መሆን ያለበትን የአምራቹ መመሪያ ይነግራችኋል። መመሪያው ከሌለ ከታንኩ እስከ ከፍተኛው ራዲያተር ያለውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ለ10 አካፍሉ፣ 0.3 ጨምሩ። 6 ሜትር ከሆነ 0.9 ባር ይመጣል።

ካነሰ ንፉት። ስትነፉ በማፍሰሻው ውሃ ሊወጣ ይችላል፤ ታንኩ ውስጥ ቀርቶ የነበረው ነው። ውሃው ቆሞ ቁጥሩ ከጸና ማፍሰሻውን ዝጉና ማሞቂያውን ከታንኩ አየር 0.3 ባር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት። በምሳሌያችን 1.2 ባር። ከዚያ አስተንፍሱና አሙቁት። ግፊቱ ሲሞቅ ከ2 ባር ብዙም ካላለፈ ታንኩ ሥራውን ጀምሯል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሶ ከዘለለ ግን ላስቲኩ ወይም የአየር አፉ ያስተነፍሳል፤ መቀየር ነው።

ግፊቱ ቀጥ ብሎ ጋዝ ብቻ ሲመጣ

ውሃውን ነጭ ዕቃ ላይ ተቀብላችሁ እዩት። እንደ ቀለም ጥቁር ከሆነ ውስጥ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር ዝገት አለ። ብረትና ውሃ ኦክስጅን ባነሰበት ሲገናኙ ይህን ዝገት ይፈጥራሉ፤ አብሮ ሃይድሮጅን ይወጣል። አናት ላይ የሚሰበሰበው ጋዝ አየር ሳይሆን እሱ ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም ያለበት ቦይለር ውስጥም የውሃው አሲድና አልካሊ ልክ ካልሆነ እንዲሁ ይሆናል።

ሃይድሮጅን ይቀጣጠላል። ስታስተነፍሱ ሻማ፣ ሲጋራ፣ ላይተር አጠገባችሁ አይኑር። በክብሪት ለኩሶ መለየት ይቻላል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ አታድርጉት።

መፍትሔው ውሃውን ማከም ነው። አተላው በማጠቢያ ኬሚካል ታጥቦ ይወጣል፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ጸረ ዝገት ፈሳሽ ይጨመራል። የተለመደው መጠን ለ100 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ነው፤ ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ፣ አሉሚኒየም ካላችሁ ለእሱ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ በየሳምንቱ ውሃ ሲጨመርና ሲፈስ የቆየ ማሞቂያ ውስጥ ቀድሞ የተጨመረው ጸረ ዝገት ቀጥኖ አልቋል። ፍሳሹን ጠግናችሁም ዝገቱ ሊቀጥል ይችላል። ወደ ቦይለሩ በሚመለሰው ቧንቧ ላይ ማግኔት ያለበት ማጣሪያ ማስገጠም ለዚህ ጥሩ ወጪ ነው።

ዝገቱ ቢታከምም ከተመለሰ ቧንቧዎቹን እዩ። ወለል ስር የተዘረጋ የቆየ ፕላስቲክ ቧንቧ ኦክስጅን የሚከለክል ሽፋን ላይኖረው ይችላል። ውሃ አያፈስም፤ ኦክስጅን ግን በግድግዳው በኩል ቀስ እያለ ያልፋል። አረፋ ሆኖ አይታይም፤ ብረቱ ይበላዋልና የምታዩት አተላና ሃይድሮጅን ነው። ወለሉን መስበር ካልፈለጋችሁ ቴክኒሻኖች የፕላስቲኩን መስመር በሙቀት ማስተላለፊያ ለይተው ከብረቱ ወገን ያፋቱታል።

ፓምፑንም አትርሱ። ፓምፕ ከፊቱ ይገፋል፣ ከኋላው ይስባል። የማስፋፊያ ታንኩ የተገናኘበት ቦታ ከፓምፑ በስተኋላ፣ ውሃው ወደ ፓምፑ በሚመጣበት ወገን መሆን አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር የላይኛው ፎቅ ግፊት ይወድቃል፣ አየር ይሳባል። ማሞቂያው ገና ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ይህ ችግር ካለባችሁ፣ አገጣጠሙን ሌላ ቴክኒሻን ይይላችሁ። የፓምፑ ፍጥነት ከሚገባው በላይ ከሆነም አረፋው ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ለሳምንት ሞክሩት።

ከኮርኒሱ በላይ ታንክ ላለው

መጀመሪያ ውጡና ታንኩን እዩ። ባዶ ከሆነ መልሱ ተገኘ። ተንሳፋፊዋ ኳስ ያለችበት ቫልቭ ለዓመታት ሳትንቀሳቀስ ተጣብቃ ውሃ አታስገባም፤ ማሞቂያው በትነት ጥቂት ጥቂት ያጣውን የሚተካ የለም፤ የላይኛው ፎቅ በአየር ይሞላል። ኳሷን ወደ ታች ጫን ስታደርጉ ውሃ ካልመጣ ቫልቩ ይቀየራል።

ታንኩ ሙሉ ከሆነ፣ ከላይ ተጠምዝዞ ወደ ታንኩ የሚመለከተውን ቧንቧ ፈልጉ። መተንፈሻው እሱ ነው። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙና የቧንቧው አፍ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፤ ማሞቂያው ቀዝቅዞ ሳለ ሌላ ሰው ከታች ፓምፑን ያስነሳ። የብርጭቆው ውሃ ወደ ላይ ከተሳበ ማሞቂያው በዚያ ቧንቧ አየር ይጠጣል። ከቧንቧው ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን ወደ ታንኩ ይረጫል፤ በየዙሩ ከአየር ጋር እየተቀላቀለ ይመለሳል።

ሁለቱም አንድ የተለመደ ምክንያት አላቸው። ከታንኩ ወደ ታች የሚወርደው ቧንቧ ከማሞቂያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአተላ ይደፈናል። ቧንቧው መዳብ ከሆነ መፈተሻው ቀላል ነው። መዳብ ማግኔትን አይስብም፤ ጥቁሩ ዝገት ግን ይስባል። ማግኔት መገናኛው አካባቢ አስጠጉ። ከተጣበቀ ውስጡ ተደፍኗል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይቀየራል። ካልተደፈነ የአገጣጠም ቅደም ተከተሉን ቴክኒሻን ይይ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው መተንፈሻው፣ ከዚያ የታንኩ መውረጃ፣ ከዚያ ፓምፑ ነው፤ በሁለቱ መገናኛዎች መካከል ከ150 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ርቀት።

ከጥገናው በኋላ እንደገና ስትሞሉ

መንስኤው ተገኝቶ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ አሞላሉ ይወስናል። ቸኩሎ መሙላት አየሩን ሰባብሮ በየጥጉ ይደብቀዋል። ሁሉንም ራዲያተሮች ዝጉ። የመሙያውን ቫልቭ ጥቂት ብቻ ከፍታችሁ ውሃው ቀስ ብሎ ይግባ። ከታችኛው ፎቅ አንድ በአንድ እየከፈታችሁ፣ እያስተነፈሳችሁ ውጡ። በሞተር የሚከፈቱ የመስመር ቫልቮች ካሉ በእጅ ክፍት አድርጓቸው፤ ያለዚያ ከኋላቸው አየር ይቀራል። ወለል ስር የሚሄድ መስመር ካለ ማከፋፈያው ላይ ሌሎቹን ዘግታችሁ እያንዳንዱን ብቻውን በጎማ እጠቡት፤ አረፋ እስኪያቆም።

ከዚያ ማሞቂያውን ሳታነዱ ፓምፑን ብቻ ለአሥር ደቂቃ አዙሩ፣ አቁሙ፣ አስተንፍሱ። ቀጥሎ አሙቁ፣ አቀዝቅዙ፣ አስተንፍሱ። ጸረ ዝገቱን በዚህ ጊዜ መጨመር አትርሱ። ማታ ግፊቱን ጻፉ።

ደብተሩን አትጣሉት፤ ቦይለሩ አጠገብ አንጠልጥሉት። በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ የጠዋቱን ግፊት መጻፍ ይበቃል። ቴክኒሻን መጥራት ካለባችሁም መጀመሪያ እሱን አሳዩት። «አየር ይመጣል» ከማለት «ሲቀዘቅዝ 0.4፣ ሲሞቅ 2.9፣ ሁልጊዜ የላይኛው መኝታ ቤት» ማለት ከቤት ሲገባ በቀጥታ ወደ ማስፋፊያ ታንኩ ያስኬደዋል።